የፊት ጎማው አክስል

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። የእህቴን ባል ማለቴ ነው። በስሙ ልጠራው አፌ እሺ ስለማይለኝ እዚህ ደብተር ላይ በሙያው ነው የምጽፈው። አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል በጭነት መኪና አስጭኖ ብረት በኒኬል የምንለብጥበት ወርክሾፓችን በር ላይ አራገፈው። ጣሪያው የተደረመሰ መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ዝናብ ሲወርድበት የኖረ ነው። ማርሚታው ተበስቷል፣ የኋላው ፓራፋንጎ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፣ ክሮሙ ከዳር እስከ ዳር ብጉር አውጥቷል።

«ጋሼ፣ በእርስዎ እጅ እንደሚድን አውቃለሁ» አለኝ። ሰው ፊት ሁልጊዜ አንቱ ይለኛል። «ብረት የሆነ ነገር ሁሉ እንዲያበራ ነው የምፈልገው። ጢሜን እያየሁ የምላጭበት ይሁን።»

እሺ አልኩት። ለምን እሺ እንዳልኩ እኔም አልገባኝም። እህቴ ከመኪናው አልወረደችም። በዚህ ሁሉ ወበቅ ሻርፕ እስከ አገጯ ጠምጥማ ወደ ፊት ታያለች።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሞተሩን ስፈታ ዋልኩ። አባባ በራቸው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ብረት ተቀበሉኝ። አባቴ አይደሉም፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት የአሲድ ጭስ ዓይናቸውን ጨርሶባቸው አሁን ወርክሾፑ ጓሮ ካለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። ብረቱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱና «ይሄ ይድናል»፣ «ይሄ ሞቷል» ይላሉ። ሲሳሳቱ አላየሁም።

መሪውን ሰጠኋቸው። ይድናል አሉ። እህቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ በእኔ ሞተር ሠፈሩን ስትዞር ሰው ሁሉ ጉድ ብሎ ነበር። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኳትም እኔው ነኝ። ያኔ ማንንም አትፈራም ነበር።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

የሌላ ደንበኛ የመቀመጫ ሞላ ዛሬ ከእጄ ሾለከና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እንደ ብርጭቆ ለሁለት ተሰበረ። ሞላ እኮ ነው! ኒኬል ነክሬው መጋገሩን ረስቼው ነበር።

አባባ ድምፁን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «አልጋገርከውም!» አሉ። «ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ? አሲዱ ታጥቦ ይሄዳል፣ ትንፋሹ ግን ጠንካራ ብረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ፓራፋንጎ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ለስላሳ ቆርቆሮ ነው። ሞላ፣ አክስል፣ ትልልቅ ብሎን ግን ከኒኬሉ ገንዳ እንደወጣ፣ በዚያው ቀን፣ አራት ሰዓት ሙሉ ፎርኖ ውስጥ! አለዚያ ላዩ እያበራ ውስጡ ብስኩት ይሆናል። ይሄ ሞላ ሰው ቂጥ ሥር ነው የተሰበረው ቢባል ይሳቃል። አክስል ቢሆንስ ኖሮ?»

የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ዛሬም ብረት እየጋገራችሁ ነው? ለእኔም አንድ ቁራሽ አስተርፉልኝ» ይላል። ስብርባሪውን አንሥቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ልብስ ሰፊው ወዲያው ጠፋ። ሞላው አሁን ለሦስት ሆነ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

እህቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። እሱ አልነበረም። በሩን ስትከፍትልኝ ፊቷን አዙራ ነው፤ ግን አየሁት። ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ ጆሮዋ ጠቁሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ወድቄ ነው።»

«የት?»

«መታጠቢያ ቤት። ውሃ ነበረበት። አታካብደው ወንድም ጋሼ፣ በናትህ።»

ባለፈው በር መትቷት ነበር። ከዚያ በፊት ደረጃ። ደሜ ፈላ። ከወንበሬ ስነሣ እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ከእኔ ማለት ነው። ምን ነክቷት ነው? በሕይወቴ እጄን አንሥቼባት አላውቅም።

እዚህ ላይ የማልጽፈው ነገር ኖሮ አያውቅምና ይሄንንም ልጻፈው። አምና፣ ጎድኗን ይዛ የመጣች ቀን፣ ፀጉር ቤቱን ሲዘጋ ጠብቄ በሞተር ሰንሰለት ገረፍኩት። ጀርባውን፣ እግሩን። እገድልሃለሁ አልኩት። ሲለምነኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። አንድም ቃል ለማንም አልተነፈሰም። በሳምንቱ ግን እህቴ መራመድ አቅቷት አሥራ አንድ ቀን ተኛች። ገብቶኛል። እኔ እሱ ላይ ያሳረፍኩትን እያንዳንዷን ምት እሷ ላይ ቆጥሮ መለሰ። ከዚያ ወዲህ እጄ ታስሯል። እሱም ይሄን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሞተሩን እኔ ዘንድ ያመጣው። እጄን ሊያየው ነው የመጣው።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ሞተሩ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት አልኳት። «ቶሎ አታደርሰውም?» አለች። ቶሎ ካላለቀ እሷ ላይ ይጮኽባታል መሰለኝ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ፓራፋንጎ አለቀ። መሪ አለቀ። ማርሚታው ሁለት ቦታ ተበየደ።

አሲድ ክንዴ ላይ ተረጨ። አልታጠብኩም። ትንሽ ቆይቼ ነው የታጠብኩት።

እህቴ ሁለት ጊዜ ደወለች። «አለቀ?» ብቻ ነው የምትለው።

ከሰዓት በኋላ የመብራቱን ቀለበት ስወለውል ፊቴን አየሁበት። ጥርሴን ነክሻለሁ። ቀለበቱን በመዶሻ መታሁት። አሁን ሌላ መፈለግ አለብኝ። አባባ ከበራቸው «ማንን ነው የምትደበድበው?» ይላሉ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ ሙሉ ነበር። ሰው ይወደዋል፤ የሚያነክስ ሽማግሌ ሲመጣ ተሸክሞ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፣ ሕፃን እጁ ላይ አያለቅስም። «ጋሼ! ኧረ ይቀመጡ፣ ጢምዎ የሰው ቤት ሰብሮ የገባ አስመስሎዎታል» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ተቀመጥኩ። አልቀመጥም ብል ምን ይባላል?

አረፋውን ቀብቶ ምላጩን አንገቴ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አምና ያልከኝን ድገመው እስቲ» አለኝ። «እገድልሃለሁ ነበር ያልከኝ? ድገመዋ።»

ምራቄን ብውጥ ምላጩ ይገባል።

«የእህትህም ቆዳ ስስ ነው» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ «ጋሼ አይንቀሳቀሱ! አዩ፣ ጫረዎት» አለና ደሙን በአልኮል ጠረገልኝ። ተራ ጠባቂዎቹ «አይዞዎት» አሉኝ።

ስነሣ ድምፄ ሰላማዊ ነበር። በራሴ ተገረምኩ። «አክስሉስ?» አልኩት። «የፊት ጎማውን ከሹካው ጋር የሚይዘው ብረት። እሱ ከውስጥ ነው፣ አይታይም። በዘይት ቢወለወል ይበቃዋል።»

«ሁሉም ይነከር ብያለሁ እኮ። ጫፍና ጫፉ ይታያል።»

«እሺ። ከኋላ ሰው ትጭናለህ? ሚስትህን?»

«ሚስቴን? ሞተር ላይ? ሰው አፉን ከፍቶ እንዲያያት?» ብሎ ሳቀ። «ጋሼ ደግሞ!»

ለጥንቃቄ ነው የጠየቅኩት። ክብደት መታወቅ አለበት።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

አክስሉ አሲድ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይበቃው ነበር። ስልክ አዘናጋኝ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ቆየ። ከዚያ ኒኬል ነከርኩት። አማረበት። የጣት ውፍረት ያላት አንዲት ብረት እንደዚህ ታምራለች ብዬ አላስብም ነበር።

ፎርኖው ዛሬ አስቸገረኝ፣ መብራት ይቆራረጣል። ነገም ቀን ነው።

«አክስሉን ጋገርከው?» አሉ አባባ።

«አዎ አባባ።»

ተነሥተው ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ፣ ፎርኖው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሲበርዳቸው። ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ጠዋት ስገባ ፎርኖው ለብ ብሏል። አባባ ቁርሳቸውን አሙቀውበት ይሆናል። አክስሉ ያስቀመጥኩበት ጨርቅ ላይ አለ። ጨርቁ ሌላ መሰለኝ። ሁሉ ነገር ሌላ ይመስለኛል በዚህ ሰሞን።

ገጣጠምኩት። ልጋግረው ብል አሁንማ ሰዓቱ አልፏል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

መጥቶ ወሰደው። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ያወጣው ምርጥ ሥራ ነው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየው። ፓራፋንጎው ላይ ፊቱን እያየ ፀጉሩን አስተካከለ። «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። አስነሥቶ በቁልቁለቱ ወደ ድልድዩ ሲወርድ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት። ምንም አልሆነም።

አባባ «በሰላም ሄደ?» አሉኝ። ለምን እንደዚያ ጠየቁ?

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ሁለት ቀን። በፀጉር ቤቱ በኩል አለፍኩ። ሞተሩ በር ላይ ቆሟል፣ ያበራል። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው አሉ፣ ጭቃ እንዳይነካው።

እንቅልፍ የለኝም። ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው። የሆነ ነገር በወደቀ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ሄጄ «አምጣው፣ የረሳሁት ነገር አለ» ብለውስ? ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ንግግር ነው። ግን የእህቴ ዓይን ሥር ትዝ ይለኛል። ለማን ነፍስ ነው የማዝነው?

ደግሞስ ይሰበራል ያለኝ ማን ነው? ብረት ይሰበራል፣ አይሰበርም፤ እኔ ፈጣሪ አይደለሁም።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ጥላኝ የሄደችው ሚስቴ ሕልሜ ውስጥ መጣች። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ያን ቀን በሩን ነው የመታሁት። በሩን ብቻ። እሷ ከኋላው መሆኗን አላወቅኩም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ወጣሁ» አለችኝ። ድምፁ የዱሮዋ ነበር፣ የአሥራ ሰባት ዓመቷ።

«ከየት?»

«ከቤት። ለሁልጊዜ። እሱ ሥራ ገብቷል፤ በጎረቤቱ መኪና ነው የሄደው። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩት። ማደያው ጋ ነዳጅ እየሞላሁ ነው። ይሄን ቀን ስጠብቅ፣ አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ ስትወለውል! አሁን በበርህ ነው የማልፈው፣ ልሰናበትህ ብዬ ነው።»

ለካ «አለቀ?» እያለች ስትደውል የነበረው ለራሷ ነው።

«ውረጂ» አልኳት።

«ምን?»

«ውረጂ ብያለሁ! እዚያው ቁሚ!»

«ለምን? ንገረኝ።»

አክስሉን አልጋገርኩትም። ሁለት ቃል ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ይሄን ካልኩ ለምን አልጋገርከውም ትለኛለች፤ እሱን ምን ብዬ እመልሳለሁ? «ፍሬኑ... ፍሬኑ ልክ አይደለም» አልኩ።

«ፍሬኑ ደኅና ነው» አለች። ከዚያ «አንተም እንዳልሄድ ነው የምትፈልገው። ስትጮሁ እኮ ድምፃችሁ አንድ ነው» አለችና ዘጋችው። ደወልኩ። ደወልኩ። አላነሣችም።

ከከተማ የሚያስወጣው መንገድ በእኛ በር አልፎ ነው ቁልቁለቱን የሚወርደው። ሮጬ መሐል መንገድ ቆምኩ። መጣች። ፀሐይ ሞተሩ ላይ አርፋ ዓይን ያጠፋል። እጄን ዘረጋሁ፣ ጮኽኩ። አቀዘቀዘች፤ የምትቆም መሰለኝ። ፊቴን ስታይ ግን ወደ ዳር ይዛ ልታልፈኝ ሞከረች። ከእኔ ወዲያ ቁልቁለቱ ነው ያለው።

መሪውን ያዝኩት። መሪውን ብቻ ነው የያዝኩት። በሙሉ ኃይሌ ነው የጎተትኩት ግን። ሞተሩ ዞረ፣ እሷ ተወረወረች፣ ክንዷ ከመሪውና ከድንጋዩ መሐል ገባ። ድምፁን ሰማሁት። ሁላችንም ሰማነው፣ ልብስ ሰፊው እንኳ ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

እኔ ደግሞ አሁንም እየጮኽኩ ነበር። መሬት ላይ ወድቃ፣ አጥንቷ በቆዳዋ ሥር ተሰብሮ፣ እኔ ላይዋ ላይ ቆሜ «ቁሚ አላልኩሽም! ቁሚ አላልኩሽም!» እላለሁ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴት «ባሏ ነው?» ስትል ሰማሁ። «ኧረ ወንድሟ ነው አሉ።» «ያው ነው።»

ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ምን ሆነሽ ነው አላት። መለሰችለት። መልሷን ዛሬ አልጽፈውም።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ክንዷ ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ጄሶ። ትናንት ከዚያች ከመለሰችው ቃል ሌላ ትንፍሽ አላለችም።

አድኛታለሁ። ክንድ ይጠገናል። ቁልቁለቱ ላይ ቢሆን ኖሮ አንገቷ ነበር። አድኛታለሁ።

አድኛታለሁ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት ወርክሾፕ መጣ። ሞተሩ ጥግ ላይ እንደወደቀ አለ። ዞሮ አየው፣ ፓራፋንጎው ላይ ያለውን ጭረት በጣቱ ዳበሰው። ማንም ስለሌለ አንተ ነው ያለኝ።

«እኔ እንኳ» አለ፣ «እኔ እንኳ አጥንቷን ሰብሬ አላውቅም። እጅህ ከእጄ ይከብዳል።» ይሄን ሲል እየቀለደ አልነበረም። የሥራ ባልደረባውን እንደሚያደንቅ ሰው ነው ያየኝ።

መዶሻው እጄ ላይ ነበር። የራስ ቅሉ ከእኔ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። ሲሰበር እንዴት እንደሚሰማ እንኳ አውቄው ነበር። ከዚያ የእሷን ክንድ ድምፅ ሰማሁት፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ እንደገና። እጄ አልተነሣም። ሄደ።

ንዴቱ ግን አልሄደም። የፊት ጎማውን ፈታሁ። አክስሉን አውጥቼ ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ላየው ፈለግኩ። ከምን እንዳዳንኳት በዓይኔ ልየው፣ በእጄ ልያዘው ብዬ ነው። ስባሪውን ይዤ ሆስፒታል ሄጄ «ይኸውልሽ፣ ለዚህ ነው» እላት ነበር።

መታሁት። ጎበጠ።

ደግሜ መታሁት። ጎበጠ። መዶሻውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እስኪገባ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። እንደ ኩርባ ሚስማር ተቀለበሰ እንጂ ስንጥቅ እንኳ አላወጣም።

«አይሰበርም» አሉ አባባ። በራቸው ላይ ቆመው ነበር። «ጋግሬዋለሁ።»

«መቼ?»

«በዚያው ቀን። አንተ እንደወጣህ። አዎ አባባ አልከኝ፤ ፎርኖውን ስነካው በረዶ ነው። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ዋሽተኸኝ አታውቅም። ለማን እንደሆነ ደግሞ አውቄያለሁ፣ አክስሉ የማን እንደሆነ ጣቴ ያውቃል።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ጮኼ ነው ያልኩት። «ለምን አልነገሩኝም!»

«ብነግርህ ሌላ መንገድ ትፈልግ ነበራ» አሉ። ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ «እሷ ትነዳዋለች ብዬ አላሰብኩም፣ ልጄ። አንተም አላሰብክም» አሉ። ተቀምጠው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሞተሩ ምንም አልነበረበትም። ቁልቁለቱን ትወርድ ነበር፣ ድልድዩን ትሻገር ነበር፣ እስከ ዛሬ የትና የት ደርሳ ነበር።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ስደርስ አልጋው ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። ነርሷ እህቴ ትናንት ጠዋት በአውቶቡስ ሄደች አለችኝ። ጄሶዋን እንደያዘች፣ አንዲት ላስቲክ ቦርሳ ይዛ። ወዴት? ነርሷ ታውቃለች፤ ፊቷ ላይ ይታያል። «ለባሏም ለወንድሟም እንዳትነግሩ ብላናለች» አለችኝ። ሁለታችንንም በአንድ ትንፋሽ።

አውቶቡሱ በበራችን ነው የሚያልፈው። ትናንት ጠዋት ውስጥ ሆኜ ብረት ስወለውል ነበር።

እሺ፣ ያቺን መልሷን አሁን ልጻፋት። ሐሙስ ዕለት፣ ክንዷን ይዘው ሲያስተኟት፣ እኔ እግርጌዋ ቆሜ ነበር። ባሏ ሌላ ጊዜ የሚቆመው እዚያ ነው። ሐኪሙ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ እሷን አያት፣ ብዕሩን ይዞ «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። የመንደሩ ሰው ሁሉ አይቷል። እውነቱን ብትናገር ይሄኔ ታስሬ ነበር። እህቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ግድግዳውን እያየች ነው የመለሰችለት።

«ወድቄ ነው» አለችው።